የሦስት ደቂቃ ቼዝ፤ ለበረቱ ተጫዋቾች የተሰናዳ ንግግር



በዛሬው የትምህርት ሰዓታችን የምናወሳው ነገር የቼዝን ሕግና ሥርዓት ገና ለሚማሩ ሰዎች የተዘጋጀ አይደለም፤ ይልቁንም ጨዋታውን ካወቁት ብዙ ዘመን ላለፋቸው፣ በውድድር አዳራሽ ተቀምጠው ማሸነፍንም መሸነፍንም ለቀመሱ፣ መጻሕፍቱን አገላብጠው ላነበቡ፣ ነገር ግን በኢንተርኔት በሚደረገው ፈጣን ጨዋታ ላይ ዕውቀታቸው የሚገባውን ፍሬ አላፈራ ብሎ ደረጃቸው ካንድ ስፍራ አልነቃነቅ ላላቸው ሰዎች ነው። ፈጣን ቼዝ ስንል፣ ፊዴ በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን ብሊትዝ ብሎ የሰየመውን፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 10 ደቂቃ ወይም ከዚያ ያነሰ ጊዜ የሚታደልበትን ጨዋታ ማለታችን ነው፤ በዓለም ሻምፒዮና የሚሠራበት ልክ 3 ደቂቃ ሆኖ በየእርምጃው 2 ሰከንድ የሚጨመርበት ሲሆን፣ በኢንተርኔት ደግሞ ከ3 ደቂቃ የሚያንሰው ቡሌት ተብሎ ለብቻው ይቆጠራል። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ብዙ ሰው በፈጣን ጨዋታ የሚያሸንፈውን ባየ ጊዜ፣ ያ ሰው ከሌላው ይልቅ ቶሎ የሚያስብ አእምሮና ቶሎ የሚታዘዝ እጅ የታደለ ይመስለዋል። ስለዚህም ለመሻሻል ሲነሣ የሚያደርገው ነገር ጨዋታውን ማብዛት፣ ሌሊቱንም ሙሉ ከማያውቀው ባላጋራ ጋር እየተፋለመ ጣቱን ማፍጠን ነው። ይህ መንገድ ጀማሪውን ጥቂት ያራምደው ይሆናል፤ የበረታውን ተጫዋች ግን አንዲት ጋት ፈቀቅ አያደርገውም፤ በ3 ደቂቃ ውስጥ የሚያሸንፍ ሰው፣ ሊያስበው ከሚገባው ነገር አብዛኛውን ወደ ገበታው ከመቅረቡ በፊት በዝግታ አስቦ የጨረሰ ሰው ነውና። ዛሬ የምናገረው ሁሉ ከዚህ ካንድ ሐሳብ የሚወጣ ነው።

ይህን ለማስረዳት ከአገራችን የቅኔ ትምህርት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በማኅሌት መካከል አንድ ባለ ቅኔ ተነሥቶ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ፣ ሰምና ወርቁን አስማምቶ፣ ዜማውን ሳያፋልስ ሲያወርደው የሚሰማ እንግዳ፣ ቃሉ በዚያች ቅጽበት ከሰማይ የወረደለት ይመስለዋል። ነገር ግን ያ ሰው አስቀድሞ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ግሱን አውርዶ፣ ከሁለት ቤቷ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየቆጠረ፣ በየዛፉ ጥላ ሥር ብቻውን ሆኖ አንዱን ቃል ከሌላው ሲያጋጥም የኖረ ነው። በማኅሌቱ ሰዓት የሚቀረው ሥራ መምረጥ ብቻ ነው፤ የሚመርጥበት መዝገብ ግን በዓመታት ጸጥታ የተሰበሰበ ነው።

ነገሩ በምሳሌ ብቻ የሚቀር አይደለም። አድሪያን ደ ግሩት የተባለው የሆላንድ የሥነ ልቡና ሊቅ፣ ራሱም ብርቱ የቼዝ ተጫዋች የነበረ፣ በ1946 ባሳተመው ጥናቱ፣ እንደ አሌክሂንና እንደ ዩዌ ካሉት ሻምፒዮኖች ጀምሮ እስከ መካከለኞቹ ድረስ ያሉትን ተጫዋቾች በገበታ ፊት አስቀምጦ፣ የሚያስቡትን ሁሉ በድምፅ እየተናገሩ እንዲያስቡ ጠይቆ መዝግቦ ነበር። ታላላቆቹ እጅግ ርቀው የሚያሰሉ፣ እጅግ ብዙ እርምጃም የሚመረምሩ ይሆናሉ ብሎ የሚጠብቅ ሰው በውጤቱ ይደነቃል፤ በስሌት ርቀትና ብዛት የታየው ልዩነት ጥቂት ሆኖ፣ ዋናው ብልጫ የተገኘው ገበታውን ገና ሲያዩት ወደ ልቡናቸው የሚመጣው እርምጃ ከሌሎቹ የተሻለ በመሆኑ ላይ ነበርና። በ1973 ደግሞ በአሜሪካ የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ዊልያም ቼስና ኸርበርት ሳይመን ይህንኑ ነገር ወደ ፊት ገፉት። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ አሰላለፍ ለ5 ሰከንድ ብቻ ሲታይ፣ ማስተሩ አብዛኞቹን ጠጠሮች በየስፍራቸው መልሶ ሲያቆም ጀማሪው ጥቂቶቹን ብቻ አስታወሰ፤ ጠጠሮቹ ያለ ሥርዓት በገበታው ላይ በተበተኑ ጊዜ ግን የማስተሩ ብልጫ ፈጽሞ ጠፋ ለማለት የሚያስደፍር ሆነ። ማስተሩ የሚያየው ሃያና ሠላሳ ጠጠር ሳይሆን፣ ከዚህ ቀደም ያጠናቸውን ጥቂት የታወቁ የጠጠር ስብስቦች ነው፤ እነዚያም ስብስቦች ምን ማድረግ እንደሚገባ መልሱን ይዘውለት ይመጣሉ።

ከታላላቆቹ መካከል ፈጣኑን ጨዋታ የነቀፉ አልጠፉም፤ የሶቪየት ኅብረቱ ሻምፒዮን ሚካኤል ቦትቪኒክ ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ ፍቅር አልነበረውም፤ ልቡናን ላይ ላዩን ማሰብ ያስለምዳል የሚለው የብዙ መምህራን ስጋትም ከንቱ ስጋት አይደለም። ነገር ግን ሚያዝያ 1970 በአድሪያቲክ ባሕር ዳር በምትገኘው በሄርሴግ ኖቪ ከተማ የሆነውን ማስታወስ ይገባል። በዚያ 12 ተጫዋቾች፣ ከነርሱም መካከል የዓለም ሻምፒዮንነትን የጨበጡት ታል፣ ፔትሮስያንና ስሚስሎቭ የነበሩባቸው፣ በ5 ደቂቃ ጨዋታ እርስ በርሳቸው ሁለት ሁለት ጊዜ ተገናኙ፤ አሜሪካዊው ቦቢ ፊሸር ከ22 ጨዋታ 17ቱን አሸንፎ፣ በ4 አቻ ወጥቶ፣ አንዱን ብቻ ተሸንፎ 19 ነጥብ ሲያገኝ፣ ሁለተኛ የወጣውን ታልን በ4 ነጥብ ተኩል ቀደመው። ይህ ሰው የሩሲያ ሊቃውንት የሚጽፉትን የቼዝ መጽሔት ለማንበብ ሲል ቋንቋውን የተማረ፣ ያለፈውን ዘመን ጨዋታ ሳይሰለች የመረመረ ሰው መሆኑን ስናስብ፣ በዚያ ቀን ድል ያደረገው እጁ ሳይሆን ጥናቱ መሆኑ ይገለጥልናል። በ2018ም በለንደን ከተማ ማግነስ ካርልሰንና ፋቢያኖ ካሩዋና 12ቱን ረጅም ጨዋታ ሁሉ በአቻ ከጨረሱ በኋላ፣ የዓለም ዘውድ ለማን እንደሚገባ የተቆረጠው፣ ብሊትዝ ባይሆንም ከረጅሙ ይልቅ በፈጠነ ጨዋታ ነበር፤ ካርልሰንም 3 ለ 0 አሸነፈ። በመጨረሻው ረጅም ጨዋታ የተሻለ ስፍራና የተረፈ ጊዜ ይዞ ሳለ አቻ ለመውጣት መጠየቁ በወቅቱ ብዙዎችን አስደንቆ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። በአገራችን በቀድሞ ዘመን ይጫወቱት በነበረው ሰንጠረዥ፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ወረራ የሚባል ጊዜ ነበረ፤ በዚያ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ ባንድነት፣ እንደ ፈቀዳቸው ጠጠሮቻቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። እንግሊዛዊው ቆንሲል ዋልተር ፕላውደን ከሞተ በኋላ በ1868 በታተመው መጽሐፉ ይህን ጨዋታ ገልጾታል፤ የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ1971 ታሪኩን በሰፊው ጽፎበታል። አባቶቻችን በወረራው ጊዜ ዓይናቸውን ከባላጋራቸው አሰላለፍ ሳያነሡ እጃቸውን ማስኬድ ነበረባቸውና፣ መፍጠንና ማስተዋል ባንድነት መሄድ እንዳለባቸው ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ብዙ ብርቱ ተጫዋች የሚወድቀው ይህን ሒሳብ ባለማስላቱ ነውና። ጭማሪ በሌለበት የ3 ደቂቃ ጨዋታ በእጃችሁ ያለው 180 ሰከንድ ነው፤ ጨዋታው 40 እርምጃ ቢፈጅ ለያንዳንዱ የሚደርሰው 4 ሰከንድ ተኩል ብቻ ይሆናል። ይህን ጊዜ ሰው ለሁሉም እኩል ካካፈለው፣ ምንም ማሰብ ለማያሻው እርምጃ የበዛ፣ ጨዋታውን ለሚቆርጠው እርምጃ ግን ያነሰ ጊዜ ሰጠ ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹን 12 እርምጃዎች ከተዘክሮ አውጥታችሁ አንድ አንድ ሰከንድ ብቻ ብትከፍሉባቸው 168 ሰከንድ ይተርፋችኋል፤ ከዚህ ላይ ለሦስት ብርቱ ውሳኔዎች ለያንዳንዳቸው 20 ሰከንድ፣ በጠቅላላው 60 ሰከንድ ብታወጡ፣ ለቀሩት 25 እርምጃዎች 108 ሰከንድ ይቀራል፤ ይህም ለያንዳንዱ ከ4 ሰከንድ የበለጠ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የመክፈቻው ጥናት ሦስት ሙሉ የጥሞና ጊዜ በነጻ ገዛላችሁ፤ ከሌላውም እርምጃ ድርሻ አልጎደለም ለማለት ይቻላል።

ስለ መክፈቻ ሲነገር ግን ብዙዎች ነገሩን በተሳሳተ በኩል ይይዙታል። ሃያ ዓይነት መክፈቻ በየአሥር እርምጃው ሸምድዶ መያዝ ለፈጣን ጨዋታ አይበጅም፤ ባላጋራው በአራተኛው እርምጃ ከመጽሐፉ ሲወጣ፣ የተሸመደደው ሁሉ ባንድ ጊዜ ይከዳልና። የሚጠቅመው ጥቂት መክፈቻ መርጦ ከዚያ የሚወለደውን የወታደሮች አሰላለፍ ጠልቆ ማወቅ ነው። ለምሳሌ በንግሥቲቱ ጋምቢት ወታደር ለወታደር ከተለዋወጡ በኋላ የሚገኘውን፣ ካርልስባድ ተብሎ የሚጠራውን አሰላለፍ እንውሰድ፤ በዚያ ነጩ በንግሥቲቱ ወገን ያሉትን ሁለት ወታደሮች በጥቁሩ ሦስት ወታደሮች ላይ እያራመደ፣ ቢ5 ላይ ደርሶ በሲ6 ያለውን ወታደር አድክሞ ሊያስቀረው ይሻል፤ ጥቁሩ ደግሞ ፈረሱን ኢ4 ላይ ለማስፈር እየደከመ ፊቱን ወደ ነጩ ንጉሥ ያዞራል። ይህን ዓላማ ከሁለቱም ወገን ያጠና ሰው፣ እርምጃዎቹ በየትኛውም ተራ ቢመጡ አይደናገርም፤ እያንዳንዱን ጊዜ ምን ላድርግ ብሎ ከሥሩ መጀመር ስለሌለበት ሰከንዶቹ ሳይባክኑ ይቀመጡለታል። በ2025 ገና በ29 ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት የተለየው አሜሪካዊው ግራንድማስተር ዳንኤል ናሮዲትስኪ፣ ሰዓቱ እየቆጠረበት ሳለ ለተማሪዎቹ የሚያስረዳው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለውን ዓላማ ነበር፤ ረጅም ስሌት ውስጥ የሚገባው ገበታው ሲያስገድደው ነበር።

ያን የተረፈውን 20 ሰከንድ የት ላውለው የሚል ጥያቄ ይነሣል። በእኔ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ የጥሞና ጊዜ የሚገባው፣ ተመልሶ የማይታረም እርምጃ ነው፤ ወታደር ወደ ኋላ አይመለስምና በንጉሡ ፊት ያሉትን ወታደሮች ማንቀሳቀስ፣ ንግሥትን በንግሥት መለወጥና ወደ ፍጻሜው ጨዋታ መግባት፣ የመሐሉን ወታደሮች መዝጋት ወይም መክፈት፣ እነዚህ ሁሉ ከነርሱ በኋላ የሚመጣውን ጨዋታ ሙሉ በሙሉ የሚለውጡ ናቸው። እንዲሁም ባላጋራችሁ ፈጽሞ ያልጠበቃችሁትን ያደረገ እንደሆነ፣ እጃችሁን ሰብስባችሁ ምን ፈልጎ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ ውጭ ባለው ስፍራ ከሁሉ የላቀውን እርምጃ መሻት ከንቱ ድካም ነው፤ በረጅም ጨዋታ የለመዳችሁት ያ የተመሰገነ ጥንቃቄ እዚህ ጠላት ይሆናል። ሁለት መልካም እርምጃዎች ፊታችሁ ቢቀርቡና የትኛው እንደሚበልጥ ለማወቅ 30 ሰከንድ የሚያስፈልግ ቢሆን፣ ጠጠሮቻችሁን ሳይጠበቁ የማይተወውን አንዱን ወስዳችሁ እለፉ። ባላጋራው በሚያስብበትም ጊዜ ዓይናችሁን ከገበታው አታንሡ፤ የራሳችሁ ሰዓት ሲቆጥር እርምጃ በእርምጃ አስሉ፤ የርሱ ሲቆጥር ደግሞ ደካማ ወታደር የቱ ነው፣ የትኛው ጠጠሬ ሥራ ፈትቷል እያላችሁ በጠቅላላው መርምሩ።

ፕሪሙቭ ስለሚባለው፣ ባላጋራው ሳይጫወት እርምጃን አስቀድሞ ስለማዘዝ፣ ብዙ የምለው የለኝም። ሊቼስ በተባለው የኢንተርኔት መጫወቻ ይህ ምንም ጊዜ አይወስድም፤ ነገር ግን አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚታዘዘው፤ ቼስ ዶት ኮም በተባለው በሌላው ደግሞ ብዙ ተከታታይ ማዘዝ ሲቻል ለያንዳንዱ የሰከንድ አንድ አሥረኛ ይቆረጣል። ባላጋራው ሌላ ምርጫ በሌለው ስፍራ ብቻ ተጠቀሙበት።

የጊዜውን ዓይነት መምረጥም ከጥናቱ ክፍል ነው። በ1883 በለንደን በተደረገው ውድድር ሁለት ገጽ ያለው የቼዝ ሰዓት አገልግሎት ላይ ከዋለ ጀምሮ፣ የተሰጠው ጊዜ ካለቀ አለቀ ነበር፤ ያሸነፈ ስፍራ ይዞ በመጨረሻዋ ሰከንድ መሸነፍ ያኔም የነበረ መከራ ነው። ይህን ያስተዋለው ያው ፊሸር በ1988 በየእርምጃው ጥቂት ሰከንድ የሚጨምር ሰዓት ፈልስፎ የባለቤትነት መብት እንዲሰጠው አመለከተ፤ በ1992 ከቀድሞ ባላጋራው ከስፓስኪ ጋር ዳግመኛ በተጋጠመ ጊዜም ሠራበት። መሻሻልን የምትሹ ሁሉ ጭማሪ ያለበትን ጨዋታ እንድትመርጡ አጥብቄ እመክራለሁ፤ 3 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ጭማሪ ጋር ቢሆን በ40 እርምጃ ውስጥ 80 ሰከንድ ይመለስላችኋል፤ ከዚህም በላይ የፍጻሜ ጨዋታን ዕውቀት በእውነት የሚፈትነው ይህ ነው። ቡሌትን ግን፣ ደስ ለመሰኘት ካልሆነ በቀር፣ ለትምህርት አትያዙት፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የሚጠነክረው ልማድ ባላጋራው አያየኝም ብሎ የመድፈር ልማድ ነውና፣ ያ ልማድ ከበረታ ሰው ፊት ይዞ ይጥላል።

ስለ ደረጃ ነጥብ ደግሞ ልቡናን የሚያረጋጋ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በሃንጋሪ የተወለደው አሜሪካዊ የፊዚክስ ፕሮፌሰር አርፓድ ኤሎ ባወጣው ስሌት መሠረት፣ ፊዴም በ1970 በተቀበለው፣ ከናንተ በ100 ነጥብ የሚያንሰውን ሰው መቶ ጊዜ ብትገጥሙ የሚጠበቅባችሁ ውጤት 64 ያህል ነው፤ የቀረው 36 የርሱ ነው። እንግዲህ ከደካማ ባላጋራ እጅ ሁለት ጊዜ በተከታታይ መውደቅ በተፈጥሮው የሚመጣ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ብዙ ሰው እንደ ውርደት ቆጥሮት ያጣውን ነጥብ በዚያው ሌሊት ለማስመለስ ሲል፣ ቁጣ በጨለመበት ሕሊና ከአንዱ ጨዋታ ወደ ሌላው ይሮጣል፤ በዚያም የሚያጣው ነጥብ ብቻ ሳይሆን ለዓመታት የሠራው መልካም ልማድ ነው። ቁጣ ሲሰማችሁ መጫወቱን ተዉት፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩን አትዝጉ፤ ዋናው ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነውና።

ይህ ዋና ሥራ የተሸነፋችሁበትን ጨዋታ መመርመር ነው። አብዛኛው ሰው ጨዋታው እንዳለቀ ስቶክፊሽ የተባለውን የኮምፒዩተር መርማሪ ጠርቶ፣ እዚህ ላይ ስተሃል የሚለውን ቀይ ምልክት አይቶ፣ እውነት ነው ብሎ ያልፋል፤ ከዚህ የሚያገኘው ነገር ኢምንት ነው። እኔ የምለው እንዲህ ነው፦ መርማሪውን ሳትጠሩ በፊት፣ ከየእርምጃው ጎን የተመዘገበውን የሰዓት ቁጥር ተመልከቱ። ከ15 ሰከንድ በላይ የቆያችሁበትን ስፍራ ሁሉ አውጡ፤ ይህ ስፍራ ያን ያህል ጊዜ ይገባው ነበርን ብላችሁ ራሳችሁን መርምሩ። ብዙውን ጊዜ መልሱ አይገባውም የሚል ሆኖ፣ ያ ጊዜ የጠፋው በስንፍና ሳይሆን ባለማወቅ መሆኑ ይታያል፤ አሰላለፉን አታውቁትም ነበርና እንግዳ ሆነባችሁ። እንዲሁም በተቃራኒው፣ በ2 ሰከንድ ተጫውታችሁ የወደቃችሁበትን ስፍራ ፈልጉ፤ እዚያ ዕውቀት ሳይጎድል የቀረው መቆም ብቻ ነው። ሁለቱ ስሕተቶች መድኃኒታቸው ልዩ ልዩ ነው፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ ያሻዋል፣ ሁለተኛው እጅን መግታት ያሻዋል፤ አንዱን በሌላው መድኃኒት የሚያክም ሰው ሳይሻሻል ይኖራል። በሳምንት ጥቂት ጨዋታ እንዲህ አድርጎ የመረመረ ሰው፣ መቶ ጨዋታ ተጫውቶ ከረሳው ሰው ይልቅ እንደሚጠቀም አልጠራጠርም።

በመጨረሻም ስለ ፍጻሜ ጨዋታ፤ በ10 ሰከንድ ውስጥ የሚፈለግ ነገር ሳይሆን የሚታወቅ ነገር ስለ ሆነ፣ ዛሬ ማታ የምትሠሩትን አንድ ልምምድ እሰጣችኋለሁ። ገበታችሁን አቅርቡ፤ ቀስ ብዬ እናገራለሁ። ነጩን ንጉሥ ዲ5 ላይ፣ ነጩን ወታደር ኢ5 ላይ፣ ነጩን ሩክ ኤች7 ላይ አቁሙ፤ ጥቁሩን ንጉሥ ኢ8 ላይ፣ ጥቁሩን ሩክ ኤ6 ላይ አቁሙ፤ ተራው የነጩ ነው። ይህ በ18ኛው መቶ ዓመት የኖረው ፈረንሳዊው የዜማ ደራሲና የቼዝ ሊቅ ፊሊዶር በስሙ የተጠራለት መከላከያ ነው። ጥቁሩ ሩክ በስድስተኛው ረድፍ ላይ እስካለ ድረስ ነጩ ንጉሥ ወደ ፊት መግባት አይችልም፤ ስለዚህ ጥቁሩ ሩኩን በዚያው ረድፍ ላይ እያመላለሰ ይጠብቃል፤ ወታደሩ ኢ6 ላይ የረገጠ እንደሆነ ግን፣ ነጩ ንጉሥ መጠለያውን አጥቷልና፣ ሩኩ ወዲያው ወደ ኤ1 ወርዶ ከኋላው ቼክ እያለ ያሳድደዋል፤ ጨዋታውም በአቻ ያልቃል። ከባልንጀራችሁ ጋር ለያንዳንዳችሁ 30 ሰከንድ ያለ ጭማሪ አድርጋችሁ፣ ጥቁሩን በመያዝ አቻውን ሳታስቡ እስክታገኙት ድረስ ተለማመዱት፤ ከዚያም ጠጠሩን ተለዋውጣችሁ ነጩን ያዙ፤ ባላጋራችሁ ሩኩን ከስድስተኛው ረድፍ ሳይገባው ያወረደው እንደሆነ ንጉሣችሁ እንዴት እንደሚገባ ተመልከቱ። በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ሰዓት፣ ሩክና ወታደር የያዘው ወገን የሚያሸንፍበትን፣ ሉሴና የሚባለውን አሰላለፍ ይዘን እንቀርባለን።